ልጆቻችን ለምን ይለያያሉ? ከጎንደር ወላጆችና መምህራን ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ስለ ልጆችና ስለ ትምህርት የከበዳችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከቀሃ፣ ከጠዳም ብዙ ደረሰኝ። የማስተምረው የትምህርት ሥነ ልቦና ስለሆነ ከዚያ አልወጣም። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (የሁለት ልጆች አባት፣ አዘዞ)፦ መምህር፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ቤታቸው አንድ፣ ትምህርት ቤታቸው አንድ፣ ማዕዳቸው አንድ። ታላቁ አንዴ ሲነገረው ይይዛል። ታናሹ ግን ደጋግሜ ካላስረዳሁት አይገባውም። ከአንድ እናትና አባት ወጥተው እንዴት እንዲህ ይራራቃሉ?

መልስ፦ ወንድማማቾች በዘረመል የሚጋሩት በአማካይ ግማሹን ነው። ቤቱም ቢሆን ለሁለቱ አንድ አይደለም። ታላቁ ሲወለድ ቤት ውስጥ ብቻውን ነበር፤ ታናሹ ሲመጣ ቀድሞት የተቀመጠ አለ። መምህሮቻቸውና ጓደኞቻቸው ይለያያሉ። በመንትዮችና በጉዲፈቻ ልጆች ላይ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች ይኽንኑ ያሳያሉ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ማደግ ብቻውን ሰውን አንድ ዓይነት አያደርግም።

ግን ከዘር በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የታናሹ ዓይንና ጆሮ ታይቷል? ከኋላ ወንበር ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ዓመቱን ሙሉ "አይገባውም" ሲባል ይከርማል። ጆሮውን የሚያመው ልጅም እንዲሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክሊኒክ አለው፤ አንድ ቀን ይዘውት ይሂዱ።

እሱ ደህና ከሆነ ትእዛዙን ያሳጥሩለት። "ደብተርህን አምጣ፣ ገጽ 40ን ግለጥ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ሥራና አሳየኝ" ስንል በአንድ ትንፋሽ አራት ነገር ጠየቅን። ነገርን ለአፍታ በአእምሮ ይዞ የመቆየት አቅም ከልጅ ልጅ ይለያያል። አንድ በአንድ ይስጡት። አደራዎን፣ "እንደ ወንድምህ" የሚለውን ቃል ከቤት ያውጡት።

ጥያቄ (የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ማራኪ)፦ ሥልጠና ላይ አንዱ ተማሪ በማየት፣ አንዱ በመስማት፣ አንዱ በመንካት ይማራል ተብለናል። ክፍሌ ውስጥ 60 ልጅ አለ። እንዴት አድርጌ ልከፋፍላቸው?

መልስ፦ አይከፋፍሏቸው። ሐሳቡ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል፤ ማስረጃው ግን አልቆመም። በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ ጥናቶቹን አበጥረው አዩ። "በማየት እማራለሁ" የሚለው ልጅ በሥዕል ሲማር፣ "በመስማት" የሚለው ደግሞ በቃል ሲነገረው ውጤታቸው ይሻላል ወይ ብለው ጠየቁ። ይኼን በአግባቡ የፈተሹት ጥናቶች ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ ሐሳቡን የሚቃረኑ ተገኙ። ልጆች የሚወዱት መንገድ አላቸው። የወደዱት ሁሉ ግን በተሻለ የሚማሩበት አይደለም። ጂኦግራፊ ለሁሉም ካርታ ይፈልጋል፤ ዜማ ለሁሉም ጆሮ ይፈልጋል።

ትልቁ ልዩነት ተማሪው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ላይ ነው። ጀማሪ ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ ሲያይ ይጠቀማል። ነገሩ የገባው ልጅ ግን ያው ምሳሌ ሲደገምለት ይጎተታል፤ ራሱ ቢሠራ ይሻለዋል።

እኛ ጎንደሬዎች ይኼን ለማየት ሩቅ አንሄድም። ቅኔ ቤት ግቡ። አንዱ ጉባኤ ቃና በተባለው አጭር ቅኔ ላይ ነው፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። አጠገቡ ያለው ዘአምላኪየ ደርሷል፤ ሦስት ቤት። ሌላው መወድስ ላይ ነው፤ ስምንት ቤት። የኔታ ዕድሜ አይጠይቁም። ተማሪው የቆጠረውን ይነግራል፣ ይታረማል፣ ሲበስል ያልፋል። የበሰለው ደግሞ አስነጋሪ ሆኖ የታችኞቹን ይሰማል። ለ60 ልጆች ክፍል ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየሁም። ጥያቄውን በደረጃ ያዘጋጁ፣ የገባቸውን ካልገባቸው ጋር ያጣምሩ።

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ፒያሳ)፦ ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ። ስጨርስ ሁሉም ገብቶኛል። ፈተና ላይ ግን ጥፍት ይልብኛል። ጓደኛዬ የእኔን ግማሽ አንብባ ትበልጠኛለች። ጭንቅላቴ ደካማ ነው?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ችግሩ አጠናንሽ ይመስለኛል። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንዱ ቡድን ደግሞ አነበበው። ሌላው ወረቀቱን አስቀምጦ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲታዩ ደግሞ ያነበበው በለጠ፤ 81 ከመቶ በ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ያነበበው 42 ከመቶ ሲያስታውስ፣ ከአእምሮው የጻፈው 56 ከመቶ አስታወሰ።

ሌሊት ስትጨርሺ "ገብቶኛል" የሚያሰኝሽ ጽሑፉን ዓይንሽ መልመዱ ነው። ፈተና ላይ ደብተሩ የለም። ስለዚህ አንድ ርዕስ አንብቢ፣ ደብተሩን ዝጊ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ከዚያ አመሳክሪ። ያልመጣልሽን ብቻ ተመለሽበት። ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ድገሚ። እንቅልፍሽንም ተኚ፤ የተማርነው የሚጸናው ስንተኛም ጭምር ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ቀሃ)፦ ልጄ በግራው ይጽፋል። ላስተወው?

መልስ፦ አያስተውት። ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው፤ ጉድለትም አይደለም። ማዕድ ላይ በቀኙ እንዲቆርስ ማስለመድ የቤታችሁ ጉዳይ ነው። እርሳሱን ግን ይተዉለት።

ጥያቄ (እናት፣ አዘዞ)፦ ሒሳብ ለሴት ልጅ አይሆንም የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ2005 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጃኔት ሃይድ የወንድና የሴት ልዩነትን የመረመሩ 46 የጥናት ጥንቅሮችን ሰብስባ አየች። ከተለኩት ልዩነቶች 78 ከመቶው ትንሽ ወይም ከምንም የማይቆጠር ነበር። ልጅዎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ ልትቀዳ፣ ወንድሟ ሊያጠና የሚቀመጥ ከሆነ ግን የሒሳብ ውጤታቸው ይለያያል። እሱን ደግሞ እርስዎ ማስተካከል ይችላሉ።

ጥያቄ (የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ጠዳ)፦ ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎቻችን በአማካይ ከከተማዎቹ ዝቅ ይላሉ። አንዳንድ ባልደረቦቼ "ተፈጥሯቸው ነው" ይላሉ። ስለ ብሔረሰቦችም እንዲሁ የሚያወሩ አሉ። ጥናቱ ምን ይላል?

መልስ፦ ይኼኛውን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። በዚህ ወሬ የተሰበረ ብዙ ልጅ አይቻለሁና።

መጀመሪያ ፈተናው የለካው ምንድን ነው? በ1979 ሮበርት ሰርፔል የዛምቢያና የእንግሊዝ ልጆችን አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲሠሩ ጠየቀ። በእርሳስና ወረቀት እንግሊዞቹ በለጡ። በሽቦ ሲሆን ዛምቢያውያኑ በለጡ። በጭቃ እኩል ወጡ። የዛምቢያ ልጆች እንደኛ ልጆች የሽቦ መኪና እየሠሩ ያደጉ ናቸው። ተመራማሪው እርሳስ ብቻ ይዞ ቢሄድ ኖሮ ምን ብሎ ይጽፍ እንደነበር አስቡት።

በብራዚል ሬሲፌ ከተማ ደግሞ በ1985 በታተመ ጥናት መንገድ ላይ የሚነግዱ አምስት ልጆች ተፈተኑ። ገበያቸው ላይ ሆነው የተጠየቁትን ሒሳብ 98 ከመቶ በትክክል መለሱ። ያው ዓይነት ስሌት በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው 37 ከመቶ። ቅዳሜ ገበያ እንቁላል የምትሸጠውን ልጅ ጠይቋት። ሰባት እንቁላል አንዱን በ18 ብር ስትገዟትና ባለ 200 ብር ኖት ስትሰጧት፣ 74 ብሩን ሳትጽፍ ትመልሳለች። ሰኞ ክፍል ውስጥ "18×7" ሲባል ዝም ልትል ትችላለች። የጎደላት ከምታውቀው ወደ ወረቀቱ የሚያሻግራት መምህር ነው።

ሁለተኛ፣ አካሉስ ምን አግኝቷል? በደጋ አገራችን ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል። እንቅርት የምናየው ለዚህ ነው። የአዮዲን እጥረት ግን ከአንገት ይልቅ አእምሮን ይጎዳል፤ በተለይ እናት ነፍሰ ጡር ሳለች። መከላከል ከሚቻሉት የአእምሮ ዕድገት ጉዳት መንስኤዎች በዓለም ዋነኛው ነው። በአገራችን ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2011 ወጥቷል። እባካችሁ አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ኪስም አለበት። በ2013 በታተመ ጥናት የሕንድ ሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ከምርት በፊትና በኋላ ተፈተኑ። ሰዎቹ ያው ናቸው። እጃቸው ባጠረ ጊዜ ግን ውጤታቸው ወረደ።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ነው። "ብልህነት በከፊል በዘር ይተላለፋል" ማለት "በሁለት ሕዝቦች መካከል ያለው ልዩነት የዘር ነው" ማለት አይደለም። የዘረመል ሊቁ ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1970 ይኼን ያስረዳው በሚዘራ እህል ምሳሌ ነው። ከአንድ ጎተራ የወጣ እህል ግማሹን ለም መሬት ላይ፣ ግማሹን ጭንጫ ላይ ዝሩት። በየማሳው ውስጥ አንዱ ዘለላ ከሌላው የሚበልጠው በዘሩ ነው። አንዱ ማሳ ከሌላው የሚበልጠው ግን በመሬቱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አገሮች የብልህነት ፈተና ውጤት በየአሥር ዓመቱ 3 ነጥብ ገደማ ከፍ እያለ መጥቷል። የሰው ዘር በዚያ ፍጥነት አይለወጥም። የተለወጠው ትምህርቱ፣ ምግቡ፣ ጤናው፣ አኗኗሩ ነው።

ለባልደረቦችዎ ይኼን ይንገሩልኝ። አማካይ ስለ አንድ ልጅ አይናገርም። ከገጠር ከመጡት ውስጥ ከከተማው አማካይ የሚበልጡ ሞልተዋል፤ የክፍልዎን መዝገብ አውጥተው ይዩት።

ጥያቄ (አባት፣ ማራኪ)፦ ልጄ ስልክ ላይ የአይኪው (የብልህነት) ፈተና ወስዶ 85 አገኘ። ተጨንቄያለሁ።

መልስ፦ አይጨነቁ፤ ያንን ቁጥር ይርሱት። ትክክለኛ ፈተና በሠለጠነ ባለሙያ፣ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ፣ እንደሱ ባሉ ልጆች ላይ ተሞክሮ ነው የሚሰጠው። ያኔም ቢሆን ውጤቱ ጥቂት ነጥብ ወዲያና ወዲህ ይላል። የመጀመሪያውን ፈተና በ1905 ፓሪስ ላይ ያዘጋጁት ቢኔና ሲሞን ዓላማቸው እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች መለየት ነበር። ቢኔ ራሱ ብልህነት አይሻሻልም የሚሉትን አጥብቆ ተቃውሟል።

ጥያቄ (መምህር፣ ቀሃ)፦ አንዲት ተማሪ አለችኝ። በጽሑፍ ጎበዝ ናት፣ ክፍል ውስጥ ግን አትናገርም። ወላጆቿ "ጨዋ ናት" ብለው ይኮራሉ። እኔ ደግሞ እሰጋለሁ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለታችሁም። ዓይን አፋርነት በከፊል አብሮን የሚወለድ ጠባይ ነው። ምን ያህል እንደሚጎዳ ግን አካባቢው ይወስናል። በቻይና ከተማ የተሠሩ ጥናቶች ይኼን በደንብ ያሳያሉ። በ1990 የተጠኑት ዝምተኛ ልጆች በእኩዮቻቸው የሚወደዱ፣ በመምህራን የሚመሰገኑ ነበሩ። በ2002 የተጠኑት ግን የሚገለሉና የሚያዝኑ ሆነው ተገኙ። በመሀሉ ኑሮው ተለውጦ ተናጋሪ ሰው ተፈላጊ ሆኖ ነበር።

የእርስዎ ተማሪም በሁለት ዓለም መሀል ናት። ቤት ዝምታዋ ይመሰገናል፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን ቆማ ጽሑፍ እንድታቀርብ ትጠየቃለች። ድንገት አያስነሷት። የነገውን ጥያቄ ዛሬ ይስጧት። መጀመሪያ ለጎኗ ልጅ ትናገር፣ ቀጥሎ ለአራት ሰው ቡድን፣ ከዚያ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ለክፍሉ። ወላጆቿንም "ልጃችሁ ጨዋ ናት፤ ስትናገርም ጨዋ ናት" ብለው ያግባቧቸው።