ስክሪኑን ኤአይ ከሠራው ለዲዛይነሩ ምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ የአፕሊኬሽን ዲዛይነር ነኝ። ስክሪኑን ኤአይ በደቂቃ ይሠራዋል፤ የዲዛይን መሥሪያው የፊግማ የዶላር ክፍያም ከብዶኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ለክፍያው እንደ ፊግማ ያለውን ፔንፖትን ይሞክሩ፤ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት) ነው፤ በነፃም መጠቀም ይቻላል። ትልቁ ሥራ ግን ኤአይ የሚስተውን መያዝ ነው። የልደት ቀን ቅጽ ሲያሠሩት ብዙ ጊዜ 12 ወር ብቻ ይደረድራል፤ ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው መመዝገብ አይችልም። ደንበኛው ጠዋት ለማለት «3:00» ሲሞላ ሲስተሙ ሌሊት 9 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። በጣም የሚጎዳው ይሄኛው ነው፤ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ነው የሚታወቀው። ከሰዓቱ አጠገብ «ጠዋት»፣ «ማታ» የሚል ምርጫ ያስገቡ፤ ሲስተሙም በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር እንዲያነበው ያድርጉ።

ከዚያ 5 ተጠቃሚዎችን በርካሽ አንድሮይድ፣ በደካማ ኔትወርክ ያስሞክሩ። አይርዷቸው፤ የት እንደቆሙ ብቻ ይመዝግቡ። ፖርትፎሊዮዎ (የሥራ ማሳያዎ) ላይ ከሚያምረው ስክሪን ይልቅ ይህን ችግር፣ ማስተካከያውንና ከማስተካከያው በፊትና በኋላ ከተጠቃሚዎቹ ስንቱ ሞልቶ እንደጨረሰ ያስቀምጡ።