አባቴ ይዘምራሉ፤ «ውሃ» ማለት ግን አቃታቸው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? አባቴ ከፋሲካ በፊት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፣ ንግግራቸውም ጠፋ። የምንላቸውን ይሰማሉ፣ ይስቃሉም። ውሃ ሲጠማቸው ግን በጣታቸው ነው የሚያሳዩን። የሚገርመው እሁድ ጠዋት በቴሌቪዥን መዝሙር ሲጀመር ከነግጥሙ አብረው ይዘምራሉ! ታላቅ ወንድሜ «ሲፈልጉ ይናገራሉ፤ አውቀው ነው» ይላል። እውነት ነው?
(ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ አባታችሁ አውቀው አይደለም። ይህን ለወንድምሽ ዛሬውኑ ንገሪው። ጠምቶት ዝም የሚል ሰው የት አለ?

በአብዛኞቻችን ንግግርን የሚመራው የግራው የአንጎል ክፍል ነው። ቀኝ እጅን የሚያዘውም እሱ ነው። ስለዚህ የእጃቸው መድከምና የንግግራቸው መጥፋት አብረው መምጣታቸው አይገርምም። ዜማ ላይ ግን የቀኙ ክፍልም ትልቅ ድርሻ አለው። ደግሞ በቃል የተያዘ መዝሙር እንደ አዲስ ንግግር ቃል እየተፈለገ አይወጣም፤ አንዱ ስንኝ ሌላውን ይጎትተዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ባለሙያዎች ይህንኑ ወደ ሕክምና ለወጡት። በ2011 እ.ኤ.አ. ጭንቅላታቸውን በጥይት የተመቱት የያኔዋ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጋብሪዬል ጊፈርድስም ንግግር ሲለማመዱ ሙዚቃ አግዟቸዋል።

መዝሙር ከፍቶ መቀመጥ ብቻውን ግን ንግግር አይመልስም። በየቀኑ የሚያስፈልጋቸውን አጭር ነገር ምረጪ፤ «ውሃ ስጪኝ» በቂ ነው። ፊት ለፊታቸው ተቀመጪ። ግራ እጃቸውን ይዘሽ፣ ው-ሃ-ስ-ጪኝ እያልሽ፣ በእያንዳንዱ ድምፅ አንዴ መታ አድርጊ። ከፍ ዝቅ እያደረግሽ አዚሚው። መጀመሪያ ብቻሽን፣ ቀጥሎ አብራችሁ። ከዚያ መሀል ላይ ድምፅሽን ቀንሺና እሳቸው ይጨርሱት። ሲለምዱት ዜማውን ቀስ በቀስ ወደ ተራ አነጋገር መልሺው። ምቱን እንዳትተዪ፤ ከዜማው ይልቅ የሚያግዘው ምቱ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

ሁሉም ሰው እኩል አይሻሻልም፤ የሚባለውን እየተረዱ መናገር ብቻ ያቃታቸው የተሻለ ዕድል አላቸው። የአባትሽ ሁኔታ ከነገርሽኝ ወደዚያ ይጠጋል። አትጩሁባቸው፤ ጆሯቸው ደህና ነው። እንደ ሕፃንም አታባብሏቸው፤ ይህ ከዝምታው በላይ ያማል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ አገራችን ውስጥ እንደልብ አይገኝምና የሚያክማቸውን ሐኪም አጥብቀሽ ጠይቂ። ፊታቸው በድንገት ከተጣመመ ወይም ሌላ አካላቸው ከዛለ ግን ልምምዱን ትታችሁ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷቸው።