«የአስም ክኒን ለሕፃን?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ልጄ ስድስት ወሩ ነው። ከወር ወዲህ ከእንቅልፉ ሲነቃ እጆቹን ዘርግቶ አንገቱን ወደ ፊት ይደፋል። ይለቀዋል፣ ደግሞ ይይዘዋል። አንድ ጠዋት ስቆጥር 23 ደረሰ። መሳቅም ተወ። አማቴ ቁርጠት ነው ብለው ነበር። ደሴ ያየው ሐኪም አዲስ አበባ ልኮን የአንጎል ምርመራ (ኢኢጂ) ተነሣና ፕሪድኒሶሎን ታዘዘለት። በአምስት ቀን ወደ አራት ወረደለት። ጎረቤቴ ግን «የአስም ክኒን ነው፣ ፊቱን ያሳብጠዋል» ብላ አስፈራችኝ። ቀንሶለታልና ላቁመው?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ክኒኑን ግን እንዳታቆሚ። ልጅሽን የያዘው ቁርጠት ሳይሆን «ዌስት ሲንድሮም» የሚባል፣ ከአንጎል የሚነሣ የሕፃናት የሚጥል በሽታ ነው።

አማትሽን አልወቅሳቸውም። እኔም ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ እንዲህ የሚያደርገውን ሕፃን «ቁርጠት ነው» ብዬ ወደ ቤቱ መልሻለሁ። እናቱ ከሁለት ወር በኋላ ስታመጣው ቀና ብሎ መቀመጥ ትቶ ነበር። ዛሬም አልረሳውም።

በ1841 እ.ኤ.አ. ዌስት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የገዛ ልጁ እንዲህ ቢሆንበት፣ ልክ እንዳንቺ ደብዳቤ ጽፎ የሙያ ባልደረቦቹን ምክር ጠየቀ። የሚያድን መድኃኒት የነገረው አልነበረም። የሆርሞን ሕክምና እንደሚረዳ የታወቀው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ያንቺ ልጅ የያዘው ክኒን የዚያ ዘመድ ነው።

ጎረቤትሽ አልዋሸችም። ለአስምም ይሰጣል፣ ፊትም ያሳብጣል። ልጁ ይነጫነጫል፣ ጡት አልጠግብ ይላል። ይህ ሁሉ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይጠፋል። የአንጎሉ ትርምስ ሲቆይ የሚወስደው ግን ላይመለስ ይችላል።

ለዚህ ነው «ቀነሰለት» የማይበቃው። የምንፈልገው ዜሮ ነው። አራት ከቀረ ሕመሙ አልሄደም። ሳምንት ሞልቶት ካልቆመ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሁለት ሳምንት ላይም ካለ ቪጋባትሪን የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ። እሱ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ቢቆምለትም ኢኢጂ ይደገምለት። የላዩ ጸጥ ብሎ የውስጡ ሊቀጥል ይችላልና።

በድንገት ማቆም ሌላም አደጋ አለው። ክኒኑ ሲሰጥ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት ይተዋል። ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። መጠኑ ለሕፃን ብዙ መስሎት «በግማሽ ስጪው» የሚልሽ ሰው ቢኖርም አትስሚ፤ ሐኪሙን ደውለሽ ጠይቂ። ክኒኑ መራራ ነው። ፈጭተሽ በጥቂት የጡት ወተት በማንኪያ ስጪው።

ትኩሳት፣ ጥቁር ሰገራ፣ ያለ ልክ መፍዘዝ ካየሽ፣ ወይም ክኒኑን ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ውሰጂው። ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው ካለ ተናገሪ፤ ይህ መድኃኒት የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳን ይቀሰቅሳል። ክትባት ሲደርስ፣ በተለይ የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ፣ ይህን እንደሚወስድ ለባለሙያዋ ንገሪ።

ዱዓውም ጠበሉም ይቀጥል። ክኒኑ ብቻ አንድ ቀን እንዳይዘለል።

መቁጠርሽ በጣም ጠቅሞታል። አሁንም በየጠዋቱ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊ። ሲነቃ በስልክሽ ቅረጪው። ደሴ ስትሄጂ ደብተሩንም ቪዲዮውንም ለሐኪሙ አሳዪው።