ቀለሙ ይቆይ፦ ስለ አሮጌ የጓሮ ትራክተሮች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩ የጓሮ ትራክተሮችን ገዝቶ ስለማደስ የላኩልንን ጥያቄዎች በዚህ አምድ ሰብስበናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መለኪያውን የሞተሮቹ መመሪያ በሚጽፈው ኢንች ትተነዋል፤ ወደ ሚሊሜትር መመንዘሩ ስሕተት ከመጨመር በቀር አይረዳም።

«አንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ለዓመታት የቆመ ካብ ካዴት 122 ሊሸጥልኝ ነው። ሞተሩ በእጅ ይዞራል እንጂ አይነሳም፤ ላሜራው ዝጓል። ልግዛው? መጀመሪያ ምኑን ልይ?» — ከውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ

ዝገቱን ለጊዜው ይተዉት። ላሜራ ይታጠባል፣ ይበየዳል፣ ካልሆነም ከሌላ ትራክተር ተነቅሎ ይገኛል። ገንዘብ የሚበላው ሞተሩና የጎደለው ዕቃ ነው።

122 ኢንተርናሽናል ሀርቬስተር በ1960ዎቹ አጋማሽ ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል ላይ የሠራው ባለ ማርሽ ትራክተር ነው። ሞተሩ ኮለር የተባለው ፋብሪካ የሠራው ኬ301፣ 12 የፈረስ ጉልበት፣ አንድ ሲሊንደር፣ ብሎኩ የብረት ቅልጥ ነው። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ ፎቶ ያንሱ፤ መለዋወጫ የሚታዘዘው እሷ ላይ ባለው የስፔሲፊኬሽን ቁጥር ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ ሞተሩ የራሱ ላይሆን ስለሚችል በትራክተሩ ስም ብቻ ማዘዝ ያሳስታል።

ከዚያ ካንዴላውን ይንቀሉና ፒስተኑን ወደ ላይ አድርሰው ፍላይዊሉን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) ወደፊትና ወደኋላ በትንሹ ይወዝውዙ። «ቋ» የሚል ድምፅ ወይም ባዶ ርቀት ከተሰማዎት ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው፣ ማለትም ፒስተኑ ከሚያዞረው ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ተበልቷል። የእነዚህ ሞተሮች ቢየላ አሉሚኒየም ሆኖ ብሮንዚና (መሐል የሚገባ ለስላሳ ቀለበት) ሳይኖረው በቀጥታ ኮሎው ላይ የሚዞር ነው። የዘይት ፓምፕም የላቸውም። ከቢየላው በታች ያለች ማንኪያ መሳይ ምላስ ዘይቱን እየረጨች ታለሰልሳለች፤ ዘይት አንድ ጊዜ ጎድሎ ከሠራ መጀመሪያ የሚሄደው ቢየላው ነው።

ኮምፕሬሽኑን በጌጅ ለክተው አይደንግጡ። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላይ ለማስነሳት እንዲቀል ግፊት የሚያስተነፍስ መሣሪያ ስላለ ንባቡ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ነው። ካንዴላውን መልሰው ፍላይዊሉን ወደ ኋላ ያዙሩት፤ ጤነኛ ሞተር በኃይል ይመልስብዎታል።

የኋላውን፣ ማለትም የካምቢዮውን፣ ዘይት ማየት አይርሱ። እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። መግቢያው ብዙ ጊዜ የማርሽ ዘንጉ ላይ ያለው የተቀደደ የጎማ ሽፋን ስለሆነ አዲስ ዘይት ከመጨመርዎ በፊት ሽፋኑን ይቀይሩ። የሚገባው ዘይት ሃይትራን የተባለው ነው፤ ተራ የካምቢዮ ዘይት አይተካውም። የፍሪሲዮኑ ዘንግም ይታይ፤ ፒኖቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ከሰፉ ፒን መቀየር ለሳምንት ነው፣ ዘንጉ ራሱ ይቀየራል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የቀረው ዝገት ብቻ ከሆነ ይግዙት።

«ጀማሪ ነኝ። ካብ ካዴት፣ ጆን ዲር 110 እና ዊል ሆርስ አይቻለሁ። የቱ ይሻላል?» — ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ሰፈርዎ ውስጥ ሰው የሚያውቀው። ሌላው ሁሉ የምርጫ ጉዳይ ነው። ዊስኮንሲን ሆሪኮን ላይ በ1963 የተጀመረው ጆን ዲር 110 ምቹ ነው፤ ፍጥነት የሚለውጥለት ግን በቺንጋ የሚሠራ ቫሪዬተር ስለሆነ ቺንጋውና ፑሌዎቹ ካለቁ ያስቸግራል። ኢንዲያና ሳውዝ ቤንድ ላይ ይሠራ የነበረው ዊል ሆርስ ካምቢዮው ጠንካራና ለመፍታት የማያስፈራ ነው። ካብ ካዴት ከሞተር እስከ ካምቢዮ በዘንግ እንጂ በቺንጋ አይነዳም፤ ለማረስ ካሰቡ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኢንተርናሽናል ሀርቬስተር የካብ ካዴትን መሥመር በ1981 ኤምቲዲ ለተባለ ኩባንያ ስለሸጠ ሲገዙ የትኛው ዘመን እንደሆነ ይለዩ። ሦስቱም ላይ የኮለር ኬ ሞተር በብዛት ስለሚገኝ አንዱ ላይ የለመዱት ሌላው ላይ ያገለግላል።

«ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል፣ እሳት ግን የለም። ቦቢና፣ ኮንደንሰርና ካንዴላ ቀየርኩ፤ ያው ነው።» — ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

ዕቃ ከመቀየር በፊት መለካት ነበረበት። አሁንም አልረፈደም፤ የሚያስፈልግዎ ባለ 12 ቮልት መፈተሻ አምፖል ብቻ ነው።

ቁልፉን ይክፈቱና አምፖሉን ከቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት ከሚፈጥረው ጥቅል ሽቦ) ፖዘቲቭ ጋር ያገናኙ። ካልበራ ችግሩ ቁልፉ፣ የደኅንነት ስዊቹ ወይም ሽቦው ነው፤ ቦቢናውን ይተዉት። ከበራ ወደ ኔጋቲቩ ይዛወሩና ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርገው ያዙሩ። ፖይንቱ (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ትንሽ ስዊች) ሲከፈት መብራት፣ ሲዘጋ መጥፋት አለበት። ሳያቋርጥ ከበራ ፖይንቱ አይገናኝም፤ ለብዙ ዓመት በቆመ ሞተር ላይ ገጹ ኦክሳይድ ለብሶ ነው። ጨርሶ ካልበራ ወይ ፖይንቱ አይከፈትም፣ ወይ ኮንደንሰሩ ሾርት አድርጓል፣ ወይ አንድ ሽቦ ብረት ነክቷል። አዲስ ኮንደንሰርም ከሳጥኑ ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል፤ አሮጌውን ገና አልጣሉት ከሆነ መልሰው ይሞክሩት። ቁልፉን ከፍተው ግን አይሂዱ። ፖይንቱ ተዘግቶ ከቆመ ቦቢናው ይቃጠላል።

ፖይንቱ ያለው ከሞተሩ ጎን፣ በትንሽ ክዳን ሥር ነው። ገጹን በንጹሕ ወፍራም ወረቀት ይጥረጉ፤ የብርጭቆ ወረቀት ፍርፋሪው ስለሚቀር አይመከርም። ዘይት ካገኙበት ፖይንቱን የሚገፋው ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሰፍቷል፤ ካልተስተካከለ በጥቂት ወር ውስጥ ተመልሰው ይመጣሉ። ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ 0.020 ኢንች ይሁን።

ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ፤ እኛ አንድ እርምጃ እንጨምራለን። በፍላይዊሉ በኩል ትንሽ መመልከቻ ቀዳዳ አለች። ፍላይዊሉ ላይ «ቲ» የፒስተኑን ጫፍ፣ «ኤስ» እሳት የሚነሳበትን ያመለክታሉ። ሞተሩን በሚሠራበት አቅጣጫ ሲያዞሩ (ካብ ካዴት ላይ ከሾፌሩ ወንበር ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው) ፖይንቱ ልክ መከፈት ሲጀምር «ኤስ» መስኮቷ መሐል መታየት አለባት። ይህን ለማግኘት ክፍተቱ ከ0.017 እስከ 0.022 መካከል ቢወጣ ምንም አይደለም፤ ትክክለኛው ጊዜ ከትክክለኛው ክፍተት ይበልጣል። የካንዴላው ክፍተት 0.035 ኢንች ይሁን።

እሳቱ ከመጣ በኋላም ካልተነሳ ካርቡሬተሩን ይጠቡ። የላይኛውን የነዳጅ መርፌ ሳያጠብቁ እስኪነካ ዘግተው ወደ ሁለት ዙር ይክፈቱ፤ የመጨረሻው ማስተካከል ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ ነው። መርፌውን አጥብቆ የዘጋ ሰው መቀመጫውን ያበላሻል፣ ከዚያ ምንም ማስተካከል አይያዝም።

«ዲናሞው አይሞላም። ሬጉሌተሩ አዲስ ነው።» — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

አዲስ ስለሆነ ነው ምክንያቱ። በእነዚህ ትራክተሮች ላይ ሞተሪኖውና ዲናሞው አንድ ዕቃ ነው፤ ሬጉሌተር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው) ሲቀየር ወይም ሽቦ ሲነካካ የዲናሞው የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቅጣጫ መታደስ አለበት። ዴልኮ ሬሚ በተባለው ዓይነት ላይ ሽቦዎቹ ሁሉ ከተመለሱ በኋላ፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ በቁራጭ ሽቦ የሬጉሌተሩን «ባት» እና «ጄን» ጫፎች ለቅጽበት ያነካኩ። ትንሽ ብልጭታ ትወጣለች፣ በቃ። «ኤፍ» የተጻፈበትን አይንኩ። ቺንጋው ከላላም አይሞላም፤ ይህኛው ሲነሳ በሚሰማው ጩኸት ይታወቃል።

«ሞተሩን ስፈታ ከኮሎው ጋር የሚዞሩ ሁለት ተጨማሪ ማርሾች አገኘሁ። መልሼ ልግጠማቸው?» — ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

ንዝረት ለመቀነስ የገቡ ማርሾች ናቸው። በእኛ አስተያየት አይመልሷቸው። ውስጣቸው ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች ያልቃሉ፣ ማርሹ ይሰበርና ብሎኩን በስቶ ይወጣል፤ ጥሩ የብረት ብሎክ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ማርሾቹን ያውጡ፣ ተተክለው ያሉትን ዘንጎች አይንቀሉ። ንዝረቱ በትንሹ ይጨምራል። ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሁን የሚል ሰው መልሶ መግጠም ይችላል፤ ነገር ግን ከኮሎው ጋር ያላቸው አሰላለፍ በአንድ ጥርስ ቢሳሳት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል።

ተፈቶ እያለ ቀሪውን ይለኩ። የኬ301 ሲሊንደር መጠኑ 3.375 ኢንች ነው፤ ከተበላ በ0.010፣ 0.020 ወይም 0.030 ሰፍቶ በዚያው ልክ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይገባለታል። ኮሎው ላይ ቢየላው የሚይዘው ቦታ 1.500 ኢንች ነው፤ ከተጫረ በ0.010 ተሞርዶ ለእሱ የሚሆን ቢየላ ይታዘዛል። ቢየላው ላይና ክዳኑ ላይ ያሉት ምልክቶች ተገናኝተው በፍላይዊሉ በኩል ይሁኑ፤ ተገልብጦ ከገባ ዘይት የምትረጨዋ ምላስ ሥራዋን አትሠራም። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ለማስገቢያው ከ0.008 እስከ 0.010፣ ለማስወጫው ከ0.017 እስከ 0.020። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሁልጊዜ በአዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ብሎኖቹ እየተመላለሱ ቀስ በቀስ፣ በመጨረሻ ከ25 እስከ 30 ፉት ፓውንድ። የሞተሩን የላሜራ ልብስ ሲመልሱ የማቀዝቀዣ ክንፎቹን ይዩ። የአይጥ ጎጆ የገደለው ሞተር ዘይት ከገደለው አያንስም።

«ዝገቱን በኤሌክትሪክ ገንዳ ማስለቀቅ ይቻላል ይላሉ። እውነት ነው?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እውነት ነው፣ ርካሽም ነው። የፕላስቲክ ገንዳ፣ ውኃ፣ በየጋሎኑ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) እና ባለ 12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር። ኔጋቲቩ ከዛገው ዕቃ ጋር፣ ፖዘቲቩ ከሚጣል ብረት ጋር፤ የግንባታ ፌሮ ይበቃል። ሁለቱ ውኃው ውስጥ እንዳይነካኩ። ገልብጠው ካገናኙ የሚበላው የራስዎ ዕቃ ነው። አዲሶቹ ባትሪ ካላዩ የማይሠሩ ቻርጀሮች አይሆኑም። የሚጸዳው ፌሮው ፊት ለፊት የሚያየው በኩል ስለሆነ ዙሪያውን ብዙ ፌሮ ያድርጉ ወይም ዕቃውን ያገላብጡ።

የማይደረጉ ነገሮች አሉ። ስቴይንለስ ስቲል በፌሮው ቦታ አይግባ፤ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። አሉሚኒየም (ካርቡሬተርን ጨምሮ) ገንዳው ውስጥ ይበላል። የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጂን ስለሆነ ደጅ ይሠራ፣ ሲጋራም ይራቅ። እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት ቻርጀሩን ከግድግዳው ይንቀሉ።

ዕቃው ሲወጣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በዚያው ቀን አንቲራስት ይቀባ፤ ካደረ መልሶ ይቀላል። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉት። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ቀለም ደግሞ አይሶሳያኔት ስላለው ተራ ማስክ አይበቃም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያስገባ ከሌለዎት ለቀቢ ይስጡት። ቆርቆሮ ስፕሬይ ቤንዚን ሲነካው ይላጣል፣ ስለዚህ ታንከሩ አካባቢ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ግን ትራክተሩ አንድ ወቅት ይሥራበት፣ ዘይት የሚያፈስበት ይታወቅ። ቀብቶ መልሶ መፍታት ያስለቅሳል። የፋብሪካው ጽሑፍ ገና የሚነበብ ላሜራ ካለዎት ደግሞ ጨርሶ አይቀቡት፤ ሰም ይበቃዋል። አዲስ ቀለም ማንም ይቀባል፣ የድሮውን የሚመልስ የለም።

«የኋላ ጎማው ውስጥ ፈሳሽ አለ፣ ቸርኬውም ተበልቷል።» — ከሲያትል፣ ዋሽንግተን

ካልሲየም ክሎራይድ ነው፤ ለክብደት የሚሞላ ጨው። ቫልቩን ወደ ታች አድርገው ባልዲ ውስጥ ያፍስሱት፤ ሣር ላይ ከፈሰሰ ሣሩን ያደርቀዋል። ቸርኬውን በብዙ ውኃ ይጠቡ፣ ቀዳዳ ካለው ይበየድ፤ ጎማው ሳይወልቅ ግን አይበየድም፣ ይፈነዳል። ለክብደት በቸርኬው ላይ የሚታሰር ብረት ይሻላል።

«አድሼ ለወንድሜ አገር ቤት ብልክለት መረሬ መሬት ያርስለታል?» — ከዳላስ፣ ቴክሳስ

አያርስም። እነዚህ ከ300 እስከ 400 ኪሎ አካባቢ የሚመዝኑ፣ ለጓሮ ልል አፈር የተሠሩ ናቸው። መረሬ ሲረጥብ ጎማውን ይይዘዋል፣ ሲደርቅ ማረሻውን ይመልሰዋል። አንዲት የፖይንት ዘንግ ብታልቅ ወንድምዎ ከየት ያመጣል? መለዋወጫው እዚያው የሚገኝ መሣሪያ ይግዙለት።

«በመኸር የጓሮ ትራክተር ባለቤቶች በአንድ ማሳ ተሰብስበው የሚያርሱበት ቀን አለ። ባለ 10 ኢንች ብሪንሊ ማረሻዬ ግን ከመሬት እየዘለለ ይወጣል።» — ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ይህ ማረሻ እንደ እኛው በሁለት ድግር አፈሩን ግራና ቀኝ አይከፍልም፤ ወደ ቀኝ ብቻ ይገለብጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ትልም በኋላ የቀኝ ጎማዎቹ ትልሙ ውስጥ ይሄዳሉ፣ ትራክተሩም ያዘነብላል። ማስተካከያው ይህን ይከተላል፦ ትራክተሩን ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ አቁመው ሁለቱን የግራ ጎማዎች ሊያርሱት ባሰቡት ጥልቀት ልክ፣ ለምሳሌ 5 ኢንች፣ እንጨት ላይ ያውጡ። ማረሻውን ወለሉ ላይ ያውርዱና ቀጥ ብሎ እስኪቆም የማዘንበያውን ብሎን ያስተካክሉ። የማረሻው አፍ ከተረከዙ ግማሽ ኢንች ያህል ዝቅ ይበል፤ እርስዎ ጋ የሚዘለው ይህ ስለሌለ ሳይሆን አይቀርም። ከፊቱ ያለው ክብ ቢላ ካልታረሰው በኩል ግማሽ ኢንች ያህል ወጣ ብሎ የማረሻውን ግማሽ ጥልቀት ይቁረጥ።

ገላባጩ ብረት ከዛገ አፈር ይጣበቅበትና ማንኛውንም ማስተካከያ ከንቱ ያደርጋል። እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት። የመጀመሪያውን ትልም ጎማዎቹ እኩል ስለሆኑ በጥልቀት አይጀምሩ፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ክብደትና ሰንሰለት ኋላ ጎማ ላይ አድርገው ይሂዱ። መለዋወጫ ካጠረዎት በነሐሴ ኢንዲያና ውስጥ ፖርትላንድ ላይ የሚደረገው የሞተርና የትራክተር ትርኢት አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፊ ገበያ አለው። የሚፈልጉትን ዕቃ መጠን በካሊፐር ለክተው ይሂዱ፤ ሻጩ «ይገጥማል» ያለው ሁሉ አይገጥምም። አርሰው ሲጨርሱ ገላባጩን ሳይውል ሳያድር ግሪስ ይቀቡት።