«ቢልት» ከስሙ በፊት ወይስ በኋላ?

ሰላም ወንድሜ። «በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ግንብ» ለማለት በእንግሊዝኛ «ኤ ቢልት ኢን ዘ ሰቨንቲንዝ ሴንቸሪ ካስል» ብለህ ጽፈህ፣ መምህርህ በቀይ ያሰመረበት ለምን እንደሆነ ጠይቀሃል።

ቃላቱ ሁሉ ልክ ናቸው፤ የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። እኛ በአማርኛ «የተሠራ»ን መቼ እንደተሠራ ከሚናገረው ሐረግ ጋር ጠቅልለን ከስሙ ፊት እናስቀምጣለን። እንግሊዝኛ እንዲህ አያደርግም። ፓስት ፓርቲሲፕሉ (እንደ «ቢልት» ያለው፣ «የተሠራ» የሚል ዓይነት የግስ ቅርጽ) ብቻውን ከሆነ ፊት ሊመጣ ይችላል፤ «ኤ ብሮክን ዊንዶው» እንደሚባለው። ጭራ (ተከትሎት የሚመጣ ሐረግ) ካለው ግን ከነጭራው ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «ኤ ካስል ቢልት ኢን ዘ ሰቨንቲንዝ ሴንቸሪ»። ከ«ቢልት» በፊት «ዊች ዎዝ» ተውጧል ብለህ አስብ። ሁለቱም ይግቡ ወይ ሁለቱም ይቅሩ። «ዎዝ»ን ብቻዋን ካስገባህ «ግንቡ ተሠራ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ቀጥለህ «ኢዝ ኢን ጎንደር» ማለት አትችልም።

«ዘ»ም እንዳትረሳ። ከተራ ቁጥር (አንደኛ፣ ሁለተኛ ከሚሉት) በፊት አብዛኛውን ጊዜ ትገባለች፦ «ሪተን ኢን ዘ ፈርስት ፐርሰን»፣ «ሎኬትድ ኦን ዘ ፊፍዝ ፍሎር»። የውድድር ደረጃ ሲሆን ግን ትጠፋለች፦ «ራንክድ ኢን ሰከንድ ፕሌስ»። እንዲያውም «ራንክድ ሰከንድ» ብትል በቂ ነው።

የግድ ከፊት ይሁንልኝ ካልክ «ቢልት»ንም «ኢን»ንም ጣላቸውና «ኤ ሰቨንቲንዝ-ሴንቸሪ ካስል» በል። መሃል ላይ ያለችውን ሰረዝ (-) ግን አደራ።