ጊዜያዊ ጣቢያ ለምትተክሉ፦ ከአንቴናው በፊት ማኅተም

«የአማተር ሬዲዮ ክለባችን (በትርፍ ጊዜያችን ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር በሬዲዮ የምንገናኝ ነን) ቅዳሜና እሁድ ኮረብታ ላይ ጊዜያዊ ጣቢያ ሊተክል ነው። ሁለት ሬዲዮ፣ ባትሪ፣ አንድ ጀነሬተርና የሽቦ አንቴናዎች አሉን። ምን እንዳንረሳ ትመክሩናላችሁ?» ላልከው ወንድሜ፤ ከላይ የመለሱልህ ሁሉ ስለ አንቴና ነው ያወሩት። እሱ አያስጨንቅህ። ለ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ላለው የሞገድ ክልል) 20 ሜትር ያህል ሽቦ መሃሉን ቆርጦ ዳይፖል (መሃሉ ላይ ከሬዲዮው ጋር የሚገናኝ የሽቦ አንቴና) መስቀል የማይችል አባል የላችሁም። እኛን ያንገበገበን ሌላ ነው።

1. ወረቀት። የአማተር ፈቃድ አለን ብላችሁ አትዝናኑ። እሱ አየሩን እንጂ መሬቱን አይፈቅድላችሁም። ቦታውን የሚያስተዳድረው ቢሮ ዘንድ ስንሄድ ኃላፊው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ሂዱ፣ ችግር የለም» አለን። እኔ «በጽሑፍ ይሰጠን» ስል ሰብሳቢያችን ክንዴን ይጎትታል፤ ሰውየውን አታስቀይመው ነው ነገሩ። አላስቻለኝም፣ በሌላ ቀን ብቻዬን ተመለስኩ። ጸሐፊዋ «ተፈቅዷል ተብላችኋል አይደል እንዴ? ምን ያመላልስሃል?» ብላ ከበር መለሰችኝ። ክለቡም ሳቀብኝ፤ «ወረቀት አምላኪ» የሚል ስም ወጣልኝ።

ቅዳሜ መሸ። ፀሐይ ገብታ 40 ሜትር ባንድ ገና ወደ ሩቅ መከፈት ሲጀምር፣ ከፊታችን ጣቢያዎች ተሰልፈው ሲጠሩን፣ ጥበቃዎቹ ከተፍ አሉ። «ይህን ማሰራጫ ማን ፈቅዶ ነው የቆመው?» ፈቃዳችንን አሳየን፣ የጥሪ ምልክታችንን (የጣቢያችንን መለያ ስም) አስረዳን፣ አልሰሙንም። የእነሱ አለቃ የሚያውቀው ማኅተም ብቻ ነው። ያ «ችግር የለም» ባዩ ኃላፊ ስልኩን አጥፍቷል። ምሰሶውን በእጅ ባትሪ ብርሃን አወረድነው። ለዚያ ሌሊት ብለን የተዘጋጀነው ሁሉ ውኃ በላው። በኋላ ኃላፊው ሲጠየቅ «ለሽርሽር የሚሄዱ መስሎኝ ነው» አለ፤ አሥር ሜትር ምሰሶ ይዞ ሽርሽር!

ስለዚህ ቢሮው ማኅተም የሚያሳርፍበት ደብዳቤ ላይ እነዚህ ይግቡ፦ የምትገቡበትና የምትወጡበት ቀንና ሰዓት፣ ሌሊት ሰው እንደሚያድር፣ የምሰሶው ቁመት፣ ጀነሬተር እንዳለ፣ የሬዲዮው ጉልበት (100 ዋት ከሆነ 100 ዋት ብላችሁ)፣ ዜናም ሙዚቃም እንደማታሰራጩ፣ የፈቃዳችሁ ቅጂ። ግልባጩ ለጥበቃ ኃላፊው በስሙ ይድረስ። እኛ በቀጣዩ ጊዜ እንዲህ አድርገን፣ ደብዳቤውን በፕላስቲክ ሸፍነን ድንኳኑ በር ላይ ሰቀልነው። እነዚያው ጥበቃዎች መጡ፣ አነበቡ፣ አንደኛው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሞርስ (በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚላክ ፊደል) ሲሰማ አመሸ። ወረቀት አምላኪ ያሉኝ ሰዎች አሁን ደብዳቤ ሲያስፈልግ ወደ እኔ ነው የሚልኩት።

2. ኤሌክትሪክ። ባትሪውን ከሬዲዮው አታርቁት። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ፣ ጥበቃዎቹ ሳይመጡ በፊት፣ ሬዲዮው ሲያዳምጥ ሰላም ነው፣ መናገሪያውን ስንጫን ይጠፋል። ሁሉም ወደ አንቴናው ሮጠ። አውርዱት፣ ለኩት፣ መልሱት፣ እንደገና አውርዱት፤ ቀኑ ሊያልቅ ነው። ሽቦውን የዘረጋው አባላችን «ኤሌክትሪክ ሥራዬ ነው» ባይ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። መለኪያውን ይዤ የሬዲዮው ጀርባ ላይ ብለካ፣ ስንናገር ቮልቱ 11.4 ይወርዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 5 ሜትር መሄጃ 5 ሜትር መመለሻ፣ 20 አምፒር ሲያልፍበት 1.4 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። 12.8 ከነበረው ባትሪ 11.4 ደረሰ ማለት ነው። አብዛኛው ሬዲዮ ደግሞ 13.8 ሆኖ 15 በመቶ ከፍና ዝቅ ቢል ነው የሚታገሠው፣ ከ11.7 በታች ያኮርፋል። ሲያዳምጥ ከ1 እስከ 2 አምፒር ብቻ ስለሚወስድ ችግሩ አይታይም። ወፍራምና አጭር ሽቦ አድርጉ። ርቀት የግድ ከሆነ ረጅሙ ገመድ በ220 ቮልቱ በኩል፣ ከጀነሬተሩ እስከ ፓወር ሰፕላዩ (220ውን ወደ ሬዲዮው ቮልት እስከሚቀይረው ዕቃ) ይሁን። ጀነሬተሩ ራቅ ብሎ ነፋስ ጭሱን ከድንኳኑ በሚያርቅበት ወገን ይቀመጥ፤ ጠፍቶ ሳይበርድም ነዳጅ አይጨመርበት።

3. ሁለቱ ሬዲዮዎች። እርስ በርስ ይደናቆራሉ። የ7 ሜጋኸርዝ ሃርሞኒክ (በድግግሞሹ ብዜቶች ላይ የሚወጣ ትርፍ ምልክት) 14፣ 21፣ 28 ላይ ይወድቃል፤ ማለትም 40 ሜትር ላይ ያለው ሰው 20፣ 15 እና 10 ሜትር ላይ ያለውን ሁሉ ይረብሻል። ለየባንዱ ፊልተር (የሌላውን ባንድ ሞገድ የሚያግድ ዕቃ) ካላችሁ አስገቡ። ከሌላችሁ ቀን ላይ 20 እና 15 ሜትርን አጣምሩ፣ እነሱ በሃርሞኒክ አይገናኙም። ዳይፖሎቹን ጎን ለጎን አትስቀሉ፤ ጫፍ ለጫፍ በአንድ መስመር ሆነው በተቻለ መጠን ይራራቁ። ያኔም ቢሆን ጎረቤት ሬዲዮ ሲናገር ትንሽ ማንጎራጎሩ አይቀርም፤ ኦፕሬተሮቹ እንዳይጣሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው። የእኛዎቹ እስካሁን በደንብ አይነጋገሩም።

4. ሎጉ (ማንን መቼ እንዳገኛችሁ የምትጽፉበት መዝገብ) በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሁን፣ የሁሉም ኮምፒውተር ሰዓት አንድ ይሁን። ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት የሚላላኩበት ዘዴ) የምትሠሩ ከሆነ ተራው በየ15 ሰከንድ ነውና የተዛባ ሰዓት ከያዛችሁ ማንም አይሰማችሁም። ኮረብታው ላይ ኢንተርኔት ከሌለ ከጂፒኤስ ውሰዱ።

ደብዳቤው እስከ ሐሙስ ማኅተም ካላረፈበት ኮረብታውን ተዉት። የአንድ አባል ጓሮ ውሰዱና የ40 ሜትሩን ዳይፖል ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉ። ሞገዱን ወደ ላይ ስለሚረጭ ሩቁን አትይዙበትም፤ ቀን ላይ ግን በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉት ጣቢያዎች ጥሩ አድርገው ይሰሟችኋል፣ ሌሊትም «ማን ፈቀደላችሁ» የሚል አይመጣባችሁም። የደብዳቤውን ረቂቅ ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ።