የሚለምነኝ ሰው ቢዋሸኝስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ሥራዬ ለገሃር አካባቢ ነው። ጠዋት ጠዋት ቅዱስ እስጢፋኖስን ተሳልሜ አልፋለሁ። ደጁ ላይ ነዳያን አሉ። የቢሮ ጓደኞቼ «ግማሾቹ ካንቺ ይሻላሉ፤ እየተሸወድሽ ነው» ይሉኛል። ደመወዜም ከወር ወር አያደርሰኝም። አንዳንዴ የምሰጠው ትንሽ ስለሆነ አፍሬ አልፋለሁ። ለመሆኑ ልግስና ምንድን ነው? አሥራቴንስ ለእነሱ ብሰጠው?

መልስ፦ እኅቴ፣ የምትሳለሚው ቅዱስ ራሱ የዚህ ጉዳይ ሰው ነው። እስጢፋኖስን ብዙዎቻችን የምናውቀው በድንጋይ ተወግሮ በመሞቱ ነው፤ ቀዳሜ ሰማዕት እንለዋለን። ከዚያ በፊት ሥራው ምን ነበር? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቢ። በኢየሩሳሌም በየቀኑ ለመበለቶች ምግብ ይታደል ነበር። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘነጉና ማንጎራጎር ተነሣ። ሐዋርያት ለዚሁ ሥራ 7 ዲያቆናት ሾሙ፤ ስሙ ቀድሞ የተጠራው እስጢፋኖስ ነው። ጥቅምት 17 የምናከብረውም ይህን ሹመቱን ነው። አየሽ፣ እደላው ላይ ችግር ተገኘ ብለው እደላውን አላቆሙም። ደኅና ሰው መደቡለት።

ልመናን እንደ ሥራ የያዘ የለም አልልሽም። ግን በቅዳሴ ሰዓት ደጅ ላይ ቆመሽ ማንን ከማን ትለያለሽ? ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ለድኻ የምንሰጠው ስለ ችግሩ እንጂ ምግባሩን መርምረን አይደለም ብሎ አስተምሯል። ከዋሸሽ ዕዳው የራሱ ነው። ልብሽ እንቢ ካለ ደግሞ በብሩ ፋንታ ዳቦ ግዢ፤ ወይም ችግረኞችን በሚረዳ ሰንበት ትምህርት ቤት በኩል ስጪ።

ስለ ማነሱ ጦቢት ለልጁ ለጦብያ የመከረውን እይ፤ መጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 4 ላይ ነው። ብዙ ካለህ ከብዙው፣ ጥቂት ካለህም ከጥቂቱ ለመስጠት አትፍራ ይለዋል። ፊትህንም ከድኻ አትመልስ ይላል። ስለዚህ ምንም ያልያዝሽ ቀን ስልክሽ ላይ አታቀርቅሪ። ቀና ብለሽ «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» በያቸው።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ምክር አለ። ጦቢት የሠራልህን ሰው ደመወዝ ሳታሳድር ክፈል ይላል። እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በከተማችን ለዝክር በግ ጥሎ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ሰፈሩን ጠርቶ የሚያበላ ሰው ሞልቷል። እሰየው ነው። ወጡን የሠራችው ልጅ ግን የሁለት ወር ደመወዟ አልተከፈላትም! ይሄ በሰው ብር መደገስ ነው። ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተከለከለ ደመወዝ ይጮኻል ብሏል፤ ጩኸቱ ጌታ ጆሮ ገብቷልም ይላል። በረንዳ ላይ ለተኛው የሚራራ ልብ፣ ጓዳ ውስጥ ያለችውን ካላየ ምኑን ራራ?

ልግስና ምንድን ነው ላልሽው፣ እኔ የምረዳው ያለሽን ሁሉ እንደ እግዚአብሔር አደራ መያዝ ነው። አደራ የያዘ ሰው ባለቤቱ «ስጥ» ሲለው አይቆጨውም፤ የሌላውንም ድርሻ አያስቀርም።

አሥራቱን ግን ከምጽዋት ጋር አትደባልቂው። ሚልክያስ ምዕራፍ 3 አሥራቱን ወደ ጎተራ አግቡ ነው የሚለው፤ ድርሻው የቤተ ክርስቲያን ነው። ለአጥቢያሽ ሰበካ ጉባኤ ገቢ አድርጊና ደረሰኝሽን ተቀበዪ። ምጽዋት የሚወጣው ከቀሪው ነው፤ መጠኑንም ማንም አልወሰነብሽም። ኑሮው አላላውስ ካለሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው።